ያልተለመደ የብልት ፈሳሽ፦ ምርመራውና ሕክምናው

ከሴት ብልት የሚወጣ ፈሳሽ ሁሉ በሽታ አይደለም። ጤነኛው ጥርት ያለ ወይም ነጣ ያለ ነው፤ አይሸትም፣ አያሳክክም። እንቁላል በሚለቀቅበት ሰሞን እየሳሳ ይለጠጣል፣ በእርግዝናም ይበዛል። ላክቶባሲለስ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ላክቲክ አሲድ እያመረቱ የብልትን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ3.8 እስከ 4.5 ባለው መጠን ያቆዩታል። በሳሙና ወይም በሎሚ ውስጡን ማጠብ የሚጎዳውም ይህንኑ ነው።

ብዙውን ጊዜ ለሕመሙ ምክንያት የሚሆኑት ሦስት ናቸው። ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ (የብልት ባክቴሪያዎች ሚዛን መዛባት) ሳሳ ያለ፣ ግራጫማ፣ በተለይ ከግንኙነት በኋላ ዓሣ ዓሣ የሚሸት ፈሳሽ ያመጣል። ፈንገስ ወፈር ብሎ አይብ የመሰለ ፈሳሽ አለው፤ ሽታ የለውም፣ ማሳከኩ ግን እንቅልፍ ይነሳል። ትሪኮሞናስ የሚባለው ጥገኛ ተውሳክ በግንኙነት ይተላለፋል፤ ፈሳሹ ወደ ቢጫና አረንጓዴ ያደላል፣ አንዳንዴም አረፋ አለው። ችግሩ የሦስቱ መልክ ሁልጊዜ እንዲህ ተለያይቶ አለመምጣቱ ነው፤ በቀለም ብቻ የፈረደ ባለሙያ በቀላሉ ይሳሳታል።

ልዩነቱን የሚያወጡት አንድ የፒኤች ወረቀትና አንድ ማይክሮስኮፕ ናቸው። ስፔኩለም (ብልትን ከፍቶ ለማየት የሚያገለግል መሣሪያ) ከገባ በኋላ ናሙናው ከብልት የጎን ግድግዳ ይወሰዳል እንጂ ከማህፀን በር አይወሰድም፤ የማህፀን በር ንፍጥ፣ የወንድ ዘር ፈሳሽና ደም ፒኤቹን ስለሚያሳድጉ ንባቡ ያሳስታል። በአንዱ ስላይድ (የመስታወት ሰሌዳ) ላይ ጠብታ ኖርማል ሳላይን (የጨው ውሃ)፣ በሌላው 10 በመቶ ኬኦኤች (ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ) ይደረጋል። ኬኦኤች እንደነካው የዓሣ ሽታ ከወጣ፣ ፒኤቹም ከ4.5 ካለፈ፣ ጥርጣሬው ወደ ቫጂኖሲስ ነው፤ በሳላይኑ ስላይድ ላይ ጠርዛቸው በባክቴሪያ የተሸፈነ ሴሎች ሲታዩ ይጠናከራል። ፒኤቹ እንደተለመደው ሆኖ በኬኦኤቹ ላይ የፈንገስ ክሮች ከታዩ ፈንገስ ነው። የሳላይኑ ስላይድ ወዲያው መታየት አለበት። ትሪኮሞናስ የሚታወቀው በእንቅስቃሴው ነው፤ ናሙናው ከቀዘቀዘ ጥገኛው ቆሞ ነጭ የደም ሴል ይመስላል። ቶሎ ቢታይ እንኳ ብዙ ታማሚ ያመልጣል።

ላቦራቶሪ በሌለበት ጤና ጣቢያ ምልክቱን ተከትሎ ማከም የተለመደ ነው። ይህ አካሄድ ጊዜ ይቆጥባል፤ ግን ምልክት የማያሳዩትን ጨብጥና ክላሚዲያ አያገኛቸውም።

ለቫጂኖሲስ ሜትሮኒዳዞል 500 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ7 ቀን ይሰጣል። ለትሪኮሞናስም ለሴቷ መጠኑ ይኸው ነው። ለፈንገስ ፍሉኮናዞል 150 ሚሊ ግራም አንድ ጊዜ ይዋጣል፤ ለነፍሰ ጡር ግን በብልት የሚገባ ክሎትሪማዞል ለ7 ቀን ይመረጣል። በብልት የሚገቡ ቅባቶች ኮንዶምን ሊያዳክሙ ይችላሉ። ፈንገስ የያዛት ሴት ከመድኃኒት ቤት ፍላጂል (የሜትሮኒዳዞል የንግድ ስም) ገዝታ ብትውጥ ማሳከኩ አይለቃትም፤ መድኃኒቱ ፈንገስ አይገድልማ!

የትሪኮሞናስ ሕክምና የሚከሽፈው በአብዛኛው ባልየው ሳይታከም ሲቀር ነው። ሁለቱም ጨርሰው ምልክቱ እስኪጠፋ ግንኙነት ይቆማል፤ ሴቷ ከ3 ወር በኋላ እንደገና ትመረመራለች። ፈንገስ በዓመት ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከተመላለሰ የስኳርና የኤችአይቪ ምርመራ ያስፈልጋል።

ፈሳሹ ከታችኛው ሆድ ሕመም ወይም ትኩሳት ጋር ከመጣ ኢንፌክሽኑ ወደ ማህፀንና ወደ ቱቦዎቹ ሳይወጣ አልቀረም፤ በዚያው ቀን መታየት ያሻል። ደም የቀላቀለ፣ የሚሸት ፈሳሽ ባረጠች ሴት ላይ ሲታይ ደግሞ መድኃኒት ከመታዘዙ በፊት የማህፀን በር በዓይን ይታያል።