«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ»፦ ሰማይ በሚታረስባቸው ጨዋታዎች ሲነበብ

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር አራት ቃላት ብቻ አሉት። የላይ ትርጉሙም ለማንም አማርኛ ተናጋሪ ግልጽ ነው፤ ሰማይ ሞፈርና ቀንበር ተዘርግቶለት እንደማይታረስ ሁሉ ንጉሥም ዳኛ ፊት ቆሞ የክስ ቃል አይሰማም። ሁለቱ ሐረጎች እኩል ተመጥነው ቤት መምታታቸው ለጆሮ እንዲጥሙ አድርጓቸዋል። ትልቁ ብልሃት ግን በቅደም ተከተላቸው ላይ ነው፤ ማንም ሊክደው የማይችለው የተፈጥሮ እውነት ከፊት ይቀድማል፣ ሰው ያበጀው ሥርዓት ደግሞ ከኋላው ተደግፎ ይቆማል፤ አድማጭም የመጀመሪያውን አምኖ ራሱን ሲነቀንቅ ሁለተኛውንም አብሮ ተቀብሎታል።

የቃሉ አነባበብ ራሱ የሚነግረን ነገር አለ። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን ስለማያሳይ «አይከሰስ» በጽሑፍ አንድ ይሁን እንጂ በአፍ ሁለት ነው። መጀመሪያው «ሰ» ጠብቆ ሲነበብ «አይከሰስም» ከሚለው ላይ «ም» የወደቀበት ገለጻ ይሆናል፤ ትርጉሙም ንጉሥን መክሰስ የማይሆን ነገር ነው ማለት ነው። ላልቶ ሲነበብ ግን ክልከላ ነው፤ መክሰስ ቢቻልም እንኳ ማንም እንዳይደፍር ያዛል። «አይታረስ» በሚለውም ላይ የ«ረ» መጥበቅና መላላት ይህንኑ ልዩነት ያመጣል። በጣና ዳር ለምንኖር ሰዎች ልዩነቱ ከዐይናችን የራቀ አይደለም። ከባሕር ዳር በጀልባ የሚደረስበት የዘጌ ምድር ለምለም አፈር ነው፤ በሬ ቢጠመድበት ይታረስ ነበር፤ ነገር ግን ትውፊቱ ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር በሚያያይዘው ቃል ምክንያት ሳይታረስ ኖሯል፤ ሕዝቡም በቡና፣ በጌሾና በፍራፍሬ ይተዳደራል። ሰማይ አጥብቀን ስናነበው «አይታረስ» ነው፣ ዘጌ ደግሞ አላልተን ስናነበው። ንጉሥ ከሁለቱ ከየትኛው ወገን ነው የሚለው ጥያቄ፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ የምሳሌው ዋና ጉዳይ ነው።

ምሳሌው የተወለደበትን የፍርድ ሥርዓት ማስታወስ ያስፈልጋል። በቀድሞው ልማድ ዳኝነት ከአጥቢያ ሹም ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ እየወጣ በንጉሠ ነገሥቱ ዙፋን ችሎት ይቋጭ ነበር። የተበደለ ሰው ለንጉሥ አቤት ይላል፤ በንጉሥ ላይ ግን አቤት የሚልበት ስፍራ የለውም፤ ምክንያቱም ከዙፋን ችሎት በላይ ሌላ ችሎት አልነበረም። በአፍ ይባል የነበረው ነገር በኋላ በጽሑፍ ሰፈረ። በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5፣ የተሻሻለው የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 4፣ የንጉሠ ነገሥቱ አካል ቅዱስ፣ ክብራቸው የማይገሠሥ፣ ሥልጣናቸውም የማይደፈር መሆኑን ደንግገዋል። ባሕር ዳር ላይ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ወጥቶ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ቤተ መንግሥት ከበስተጀርባ፣ ከጣና ወጥቶ የሚወርደውን ዐባይ ከፊት አድርጎ የቆመ ሰው፣ ምሳሌው ከፍታን እንዴት ከአለመደፈር ጋር እንዳስተሳሰረ በእግሩ ድካም ያውቀዋል።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው በትንሽ ቮልስዋገን መኪና ተወሰዱ። ምሳሌው በዚያ ቀን የተሻረ መስሎ ነበር። ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ግን ኅዳር 14 ቀን፣ ዙፋኑን የወረሰው ወታደራዊ ደርግ 60 ያህል የቀድሞ ባለሥልጣናትንና መኮንኖችን ያለ ፍርድ ረሸነ። አይከሰስም የተባለውን ንጉሥ ያወረደው ክፍል ሰዎቹን ሳይከስ ገደላቸው፤ እርሱንም በ17 ዓመት ዘመኑ የሚከሰው አልተገኘም። ክሱ የመጣው ከወደቀ በኋላ ነው፤ በልዩ ዓቃቤ ሕግ አማካይነት በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ችሎት ፊት ቀርቦ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. የጥፋተኝነት ውሳኔ ተሰጠበት። ስለዚህ ምሳሌው ስለ ዘውድ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ከበላዩ ችሎት የሌለው ሥልጣን ሁሉ፣ ካባ ቢለብስም መለዮ ቢያደርግም፣ በምሳሌው ውስጥ «ንጉሥ» ነው።

ይህን ሁሉ እንደገና እንዳስብ ያደረገኝ የእህቴ ልጅ ጥያቄ ነው። በሰፈራችን ባለ አንድ ጌም ቤት አብዛኞቹ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ እርሱ ግን ጥግ ላይ ተቀምጦ ጆይስቲኩን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ የሰው ልጅ ሁሉ በአንድ ሰንደቅ ዓላማ ሥር ሆኖ ከባዕዳን ፍጡራን ጋር የሚዋጋበትን የጠፈር ጨዋታ ይጫወት ነበር። አንዱን ምዕራፍ ጨርሶ ቀጣዩ እስኪከፈት ሲጠብቅ ዞር አለና «ጋሼ፣ ይኼ ሁሉ ሰው አንድ መንግሥት ከሆነ ፕሬዚዳንቱ የታለ?» አለኝ። በስክሪኑ ላይ ያየናቸው አዛዦች፣ ካፒቴኖችና አድሚራሎች ብቻ ነበሩ። እኔም ፈለግሁ፤ አላገኘሁትም።

በእነዚህ ጨዋታዎች ውስጥ ሰማይ ታርሷል። ይህን የምለው ለማሳመር ብቻ አይደለም። በጣና ዳር ውኃው ከክረምት በኋላ እየጎደለ ሲሄድ ገበሬው እግር በእግር እየተከተለ ጭቃውን ያርሰዋል፤ ባሕር ሸሽ የሚባለው እርሻ ይህ ነው። በመስከረም ደመናና ሰማይ የሚታይበት ውኃ፣ በበጋው ሽምብራና ጓያ የበቀለበት ማሳ ሆኖ ይገኛል። የጨዋታ ደራሲዎች ሰማዩን የሚያዩት በዚሁ ዐይን ነው፤ የሰው ልጅ ፕላኔት ከፕላኔት እየሄደ ይሰፍራል፣ ያርሳል፣ ማዕድን ይቆፍራል። የምሳሌው የመጀመሪያ ምሰሶ ወድቋል ማለት ነው። ታዲያ ሁለተኛው በምን ቆመ?

ሄሎ የተባለውና እ.ኤ.አ. በ2001 መውጣት የጀመረው ተከታታይ ጨዋታ ለዚህ የጠራ መልስ አለው። በታሪኩ የተዋሐደ የምድር መንግሥት አለ፤ የተባበሩት መንግሥታትን ስም የወረሰ የጠፈር ዕዝም አለው፤ ተጫዋቹ የሚያገኘው ግን ዕዙን እንጂ መንግሥቱን አይደለም። ይህ ዕዝ በ2517 ዓመተ ምሕረት፣ በልብ ወለዱ አቆጣጠር፣ 75 የስድስት ዓመት ሕፃናትን ከወላጆቻቸው በስውር ወስዶ ወታደር አድርጎ አሳድጓል። በየቤቱ በልጆቹ ምትክ የተቀመጡት በቤተ ሙከራ የተፈበረኩ አምሳያዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹም ታመው ሞቱ፤ ወላጆችም የራሳቸው ያልሆነውን ልጅ አልቅሰው ቀበሩ። ይህ በደል ሲፈጸም ባዕዳኑ ገና አልታወቁም፤ ከእነርሱ ጋር የመጀመሪያው ግጥሚያ የሆነው ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ2525 ነው። ሕፃናቱ የተወሰዱት በዕዙ ላይ ያመፁ የሰው ልጅ ሰፈራዎችን ለመደምሰስ ነበር። ባዕዳኑ ሲመጡ ግን በደሉ መድኃኒት ሆነ፤ ለአማፂ የተዘጋጀው ጦር የሰው ዘር አዳኝ ተባለ፤ የከሳሽም አፍ ተዘጋ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው አራተኛው ዋና ክፍል የሚከፈተው ሕፃናቱን ያስወሰደችው ሳይንቲስት በጨለማ ክፍል ስትመረመር በማሳየት ነው። እኔ ከጨዋታው ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ትዕይንት ነው፤ ምክንያቱም አንድ ሰው በመጨረሻ ጥያቄ ቀረበለት። ይሁን እንጂ የተመረመረችው አንዲት ሴት ናት፤ ያዘዛት ዕዝ አብሯት አልተቀመጠም።

ጊርስ ኦፍ ዋር በተባለው ጨዋታ ነገሩ ባጭሩ ይቋጫል። ከምድር ሥር የወጡ ጠላቶች ሕዝቡን ሲፈጁት ጥምር መንግሥቱ ከተሞቹን ከጠፈር በሚወረወር እሳት ሊያቃጥል ይወስናል፤ ለሕዝቡም ወደ አንዱ አምባ እንዲሸሽ ሦስት ቀን ይሰጠዋል። ሳይደርስ የቀረው ሕዝብ ከጠላት ጋር አብሮ ይነድዳል።

ስታርክራፍት ለእኛ አገር አንባቢ ይበልጥ የሚቀርብ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው የመጀመሪያው ጨዋታ አንድ የዐመፅ መሪ የበሰበሰውን ኮንፌዴሬሽን ለመጣል ሲል አውሬ መሰል ባዕዳንን ሆን ብሎ ወደ ዋና ከተማው ፕላኔት ይጠራል፤ ሕዝቡ ያልቃል፤ እርሱም ነፃ አውጪ ሆኖ በጀመረበት አፍ ራሱን ንጉሠ ነገሥት ብሎ ይሰይማል። ከሳሹ በተከሳሹ ወንበር ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው ተከታዩ ጨዋታ ግን የቀድሞ ባልደረባው የንጉሠ ነገሥቱን የማሰራጫ ማማዎች ይይዝና፣ ያን ቀን ትእዛዙን የሰጠበትን የራሱን ድምፅ በገዛ ጣቢያው ለሕዝቡ ያሰማዋል። ችሎት የለም፣ ዳኛም የለም፤ ክሱ ግን ተሰምቷል። ከማውቃቸው የዚህ ዓይነት ጨዋታዎች ውስጥ ተጫዋቹ ክስ እንዲያሰማ ግዳጅ የሚሰጠው እጅግ ጥቂቱ ነው፤ ይህ ግዳጅ ከጥቂቶቹ ውስጥ አንዱ በመሆኑ ለደራሲዎቹ አክብሮት አለኝ።

ማስ ኢፌክት የተባለው ደግሞ የተሻለ ሥርዓት ያለው ይመስላል፤ የሰው ልጆች ጥምረት ፓርላማ እንዳለው ይነገራል፣ የሲቪል አምባሳደርም እናያለን። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ተጨማሪ ክፍል የተጫዋቹ ጀግና ወራሪውን ለማዘግየት ሲል አንድ የከዋክብት ሥርዓት እንዲጠፋ ያደርጋል፤ ከ300,000 በላይ ነዋሪዎችም ይሞታሉ። ሦስተኛው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲጀምር ይህ መኮንን ከሥራ ታግዶ በቁጥጥር ሥር ነው፤ ወደ መከላከያ ኮሚቴው ፊትም ይቀርባል። ጥያቄው ገና ሳይያዝ ወራሪው ይደርስና አዳራሹን ከነኮሚቴው ያፈርሰዋል። የቀድሞ አለቃው ወዲያው የአንገት መለያውን ወርውሮ ወደ ሥራ ይመልሰዋል፤ ክሱም ዳግመኛ መልክ ይዞ አይነሣም። ክስ እንዴት እንደሚቀር ከዚህ የበለጠ ግልጽ አድርጎ ያሳየኝ ጨዋታ የለም። ሕግ አልተሻረም፣ አዋጅም አልታወጀም፤ እሳት መጣና ጊዜ ጠፋ።

ለደራሲዎቹ ፍትሐዊ ለመሆን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ሌላውን ምሳሌያችንን ከጎን ማስቀመጥ ይገባል። ባዕድ ፍጡር ምድርን ቢወርር የየአገሩ ሕዝብ በአንድ ዕዝ ሥር መሰለፉ ተገቢ ነው፤ ተጫዋቹንም የሚያስደስተው ይኸው መተባበር ነው። ጨዋታ ሠሪም ለተጫዋቹ ቶሎ ቶሎ ግዳጅ መስጠት ስላለበት፣ ከፓርላማ ክርክር ይልቅ የአንድ አዛዥ ድምፅ ይቀለዋል። ይህን እቀበላለሁ። ነገር ግን ድር የሚያብረው አንበሳን ለማሰር ነው፤ ሲያብር ሸማኔውን ማንም አይጠይቀው የሚል በምሳሌው ውስጥ የለም። ጨዋታዎቹ ሁለቱን ምሳሌዎች አዋህደው አንድ አድርገዋቸዋል፤ መተባበርን ሲሰጡን አለመከሰስንም በዚያው እጅ ያቀብሉናል፤ ስለዚህም ነው አንድ ልጅ ፕሬዚዳንቱን ፈልጎ ያጣው።

ይህን አስቦበት የሠራ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ሄልዳይቨርስ 2 ነው። ልዕለ ምድር በተባለው መንግሥቱ ዴሞክራሲ የሚለው ቃል ከወታደሮቹ አፍ አይለይም፤ ዜጋው ግን ለጥያቄዎች መልስ ይሰጣል እንጂ አይመርጥም፤ ማንን መምረጥ እንዳለበት ማሽን ያሰላለታል። በዚያው ዓመት በግንቦት መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ አሳታሚው ድርጅት በኮምፒውተር የሚጫወቱ ሁሉ ፕሌይስቴሽን የተባለውን የመጫወቻ ኮንሶል አካውንት እንዲያገናኙ አዘዘ፤ አካውንቱ ግን ያኔ ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ አገሮች አይሰጥም ነበር። ተጫዋቾቹ ስቲም በተባለው መሸጫ ላይ ከ200,000 በላይ የተቃውሞ አስተያየት ጻፉ፤ ድርጅቱም በጥቂት ቀናት ውስጥ ትእዛዙን አነሣ። በጨዋታው ውስጥ ያለው መንግሥት አልተነካም፤ ዜጋው ዛሬም ጥያቄ ይመልሳል፣ ድምፁንም ማሽኑ ይሰጥለታል።