የላይኛው አንገት ፊውዥን ምንድን ነው?

«ብሎን ገብቶለታል፤ ከእንግዲህ አንገቱ ብረት ነው።» ሰሞኑን አንድ ተንታኝ የላይኛው አንገቱን በቀዶ ሕክምና ስለተሠራ ሰው ይህን በሙሉ ልብ ሲናገር ሰማሁ። ከታካሚ ቤተሰብ ስሰማው ምንም አልል። ማይክ ከያዘ ሰው ሲመጣ ግን በቃኝ።

ፊውዥን ማለት ሁለት አጥንቶች ተያይዘው አንድ አጥንት መሆናቸው ነው፤ እዚህ የምናወራው ስለ መጀመሪያውና ሁለተኛው የአንገት አጥንት፣ ስለ ሲ1 እና ሲ2 ነው። እኛ የምናስገባው ብሎንና ዘንግ አጥንቱ እስኪያያዝ ድረስ ይዞ የሚያቆይ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ሶሌታ ሲሞላ ከሥሩ የሚደረደረውን አጣና አስቡት። ኮንክሪቱን የሚያጠነክረው አጣናው አይደለም። አጣናው እንዳይነቃነቅ ደግፎ ይይዘዋል፣ ኮንክሪቱ በራሱ ጊዜ ይጠናል። ውሃ ካላጠጡት ይሰነጠቃል። የእኛ ታካሚ ደግሞ ሲጋራ ካላቆመ አጥንቱ አልያዝ ይላል። ልዩነቱ፣ አጣናው ይነሳል፤ ብሎኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይቀራል። ኤክስሬይ ላይ ቦግ ብሎ የሚታየውም እሱ ስለሆነ ሰው ሁሉ ብረቱን ያያል፣ ሁለቱ እንዲያያዙ ከዳሌ ተወስዶ መሀላቸው የተደረገውን አጥንት ማንም አይጠይቅም።

አጥንቱ ካልያዘስ? ብረት ይደክማል። ጭንቅላት በተነቃነቀ ቁጥር ብሎኑ ጥቂት ጥቂት ይታጠፋል፤ በመጨረሻ ይላላል ወይም ይሰበራል። «አንገቱ ብረት ነው» ተብሎ ኮላሩን (የአንገት መደገፊያውን) አውልቆ ወደ ወጌሻ የሄደ ሰው ላይ የሚደርሰውን እንግዲህ ገምቱት።

ያው ተንታኝ ቀጥሎ «ትንሽ ከሳተ ሽባ ነው» አለ። የኅብለ ሰረሰር ጉዳት የለም አልልም። ግን በመጀመሪያው የአንገት አጥንት፣ በሲ1 ቀለበት ውስጥ፣ ከሌላው የአንገት ክፍል የተሻለ ቦታ አለ። አንድ ሦስተኛውን የሲ2 ጥርስ መሰል አጥንት ይይዘዋል፣ አንድ ሦስተኛውን ኅብለ ሰረሰር፣ ቀሪው ባዶ ነው። (አጥንቱ ከቦታው ከሸሸ ይህ ስሌት አይሠራም።)

እኔን የሚያስጨንቀኝ በግራና በቀኝ ወደ አንጎል የሚወጣው የደም ቧንቧ ነው። በሲ2 ጎን ያልፋል፣ ከዚያ ሲ1 ላይ ተጠማዞ ወደ መሀል ይመጣል። ስለዚህ በሲ1 የኋላ ቅስት ላይ ስንሠራ ከመሀል ከ1.5 ሴንቲሜትር በላይ ወደ ጎን አንርቅም። አንዳንድ ሰው ላይ ቧንቧው ሲ2 ውስጥ ከፍ ብሎ፣ ልክ ብሎኑ በሚገባበት መንገድ ላይ ይገኛል። የደም ቧንቧውን የሚያሳይ ሲቲ ስካን ሳላይ ቢላ የማልይዘው ለዚህ ነው። ቢነካስ? ብሎኑን አስገብቶ ቀዳዳውን መድፈን ይቻላል፤ በሌላው ጎን ግን አይበሳም። ሁለቱም ከተጎዱ የአንጎል ግንድ ደም ያጣል።

ሌላም አለ፣ ሳልጠየቅ ልናገረው። የሰመመን ባለሙያው አንገትን ወደ ኋላ ሳይቆለምም የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት መቻል አለበት፤ ብዙ ጊዜ በሽተኛው ነቅቶ እያለ በካሜራ ይገባል። በሲ2 ነርቭ ዙሪያ ያሉት ደም መላሾች ሲደሙ በጥጥ ይዞ መታገስ እንጂ መጣደፍ አያዋጣም። ከማጅራት በላይ የሚቀር መደንዘዝም አለ፤ አስቀድሞ ካልተነገረው ሰው ይደነግጣል። ደግሞ ሁሉም ስብራት ብሎን አይፈልግም። ዕድሜያቸው በጣም የገፋ፣ ልባቸው የደከመ እናት የሲ2 ጥርስ መሰል አጥንታቸው ቢሰበር፣ በኮላር ብቻ መቆየትና አጥንቱ ባይያዝም ካልተነቃነቀ መቀበል አንዳንዴ የተሻለው ውሳኔ ነው። ይህን ስል የሚቆጡ ባልደረቦች አሉኝ።

«አንገቱ አይዞርም» ለሚለውም፦ ጭንቅላትን ወደ ጎን የማዞር አቅማችን ግማሽ ያህሉ ያለው በሲ1 እና ሲ2 መካከል ነው። የሚጠፋው እሱ ነው። ቀና ደፋ ማለቱ በአብዛኛው ይተርፋል። ታካሚው ሹፌር ከሆነ ግን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ቁጭ ብዬ አወራዋለሁ፤ መኪና ወደ ኋላ ሲነዳ ትከሻውን ማዞርና ስፖኪዮ ማመን ሊለምድ ነው።