ባለመኪናው የሚሳተፍበት ሰርቪስ ምንድን ነው?

ጎንደር ውስጥ መኪናውን ሰርቪስ ሊያስደርግ ጋራዥ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ቁልፉን ሰጥቶ ወደ ሥራው ይሄድና ማታ ሂሳብ ከፍሎ መኪናውን ይወስዳል። ወይ ደግሞ ዕቃ እንዳይለወጥበት ሰግቶ ቀኑን ሙሉ መካኒኩ አናት ላይ ቆሞ ይውላል። ሁለቱም ተሳትፎ አይባልም።

ባለመኪናው የሚሳተፍበት ሰርቪስ ማለት ይህ ነው፤ መፍቻውን የሚይዘው ባለሙያው ነው። ባለቤቱ ደግሞ የመኪናውን ጠባይ ይናገራል፣ የተገኘውን ችግር በዓይኑ ያያል፣ ምን ይሠራ የሚለውን ተነጋግሮ ይወስናል፣ የተሠራውን ይመዘግባል። መካኒክ መሆን አይጠበቅበትም።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው መናገሩ ነው። መካኒኩ መኪናውን የሚያየው ቆሞ ነው። እናንተ ግን በየቀኑ ትነዱታላችሁ። «ፍሬኑ ልክ አይደለም» ብሎ ቁልፍ ሰጥቶ መሄድ፣ ሐኪም ፊት ቀርቦ «አሞኛል» ብቻ ብሎ ዝም እንደማለት ነው። መቼ ነው የሚያስቸግረው? ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ? ዳገት ላይ ነው ወይስ ቁልቁለት? ጭነት ሲኖረው ነው ወይስ ባዶውንም? መሪ ሲዞር ነው ወይስ ቀጥ ብሎ ሲሄድ?

ከእኛው አካባቢ ምሳሌ ላንሳ። ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነች። ከዚያ በሊማሊሞ ረጅም ቁልቁለት ወደ ዛሪማ መውረድ ምን ማለት እንደሆነ መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። አንድ ሹፌር «ስጀምር ደህና ነበር፣ ታች ስደርስ ፔዳሉ ላላብኝ፣ ቆሜ ሲቀዘቅዝ ተመለሰ» ካለ ለመካኒኩ ግማሹን ሥራ ሠርቶለታል። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሳለ ሳይፈላ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቻል አለበት። እርጥበት ከገባበት በኋላ ግን መስፈርቱ የሚጠይቀው 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ተይዞ ሲወረድ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ያረጀው ዘይት ይፈላል፣ ውስጡ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት ሲጫኑት ይታመቃል፤ ስለዚህ ፔዳሉ ወደ ታች ይሰምጣል። ሲቀዘቅዝ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ይመለሳል።

ይህ ችግር ጋራዥ ግቢ ውስጥ አይታይም። ሹፌሩ ካልተናገረ መካኒኩ የፍሬን ሸራውን (ተጭኖ ጎማውን የሚያቆመውን፣ እየሳሳ የሚያልቀውን ክፍል) አይቶ «ደህና ነው» ብሎ ሊመልሰው ይችላል። ጥፋቱም የእሱ አይደለም። የፍሬን ዘይት በየ2 ዓመቱ ይቀየር የሚል ምክር በብዙ የመኪና መመሪያ መጽሐፎች ላይ አለ፤ ስንቶቻችን እናደርገዋለን? ሹፌሩም በበኩሉ ማርሽ ቀንሶ በሞተሩ ኃይል እየተያዘ መውረድ አለበት። ይህን የሚነግረው ደግሞ ችግሩን በዝርዝር የሰማ መካኒክ ነው።

ቀጥሎ ማየት። የወጣውን ዕቃ «አሳየኝ» ማለት ነውር የለበትም። የፍሬን ሸራ ሲቀየር የቀኙንና የግራውን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣችሁ እዩ። አንዱ አልቆ ሌላው ገና ከሆነ፣ ወይም የአንዱ ጎማ የውስጡ ሸራ ከውጪው ይልቅ በጣም ከሳሳ፣ ፍሬኑ አንድ ቦታ ላይ እየተያዘ ሊሆን ይችላል። ሸራ ብቻ ቀይሮ መሄድ ያንን አይፈታውም። የአየር ፊልትሮም እንደዚሁ ነው። አቧራማ መንገድ ላይ የሚመላለስ ሰው ፊልትሮውን ወደ ብርሃን ይዞ ይየው፤ ከተማ ውስጥ ብቻ ከሚነዳው ቶሎ ይደፈንበታል።

የሞተር ዘይት ላይ ሰው ብዙ ጊዜ ይደናገጣል። የወጣው ዘይት ስለጠቆረ ብቻ ሞተሩ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። በተለይ የናፍጣ ሞተር አዲሱን ዘይት በጥቂት ቀን ያጠቁረዋል። የሚያሳስበው ሌላ ነው። ዘይቱ ነጣ ብሎ አረፋ ከያዘ ውሃ ገብቶበት ሊሆን ይችላል፤ የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ መታየት አለበት። አዲሱ ዘይት ከተሞላ በኋላም ሞተሩ ትንሽ ሠርቶ ይጥፋ። ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ፣ መኪናው ሜዳ ላይ እንደቆመ መለኪያውን አብራችሁ ተመልከቱ።

ራዲያተር ላይ የከፍታችን ነገር ይመጣል። ጎንደር ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ክፍት ድስት ላይ ውሃ 93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። መኪናው ውስጥ ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው ግፊቱን አምቆ የሚይዘው የራዲያተር ክዳን ነው። የውስጥ ማሸጊያ ጎማው የተሰነጠቀ ክዳን ትንሽ ዕቃ ይመስላል፣ ዳገት ላይ ግን ሞተር ያግላል። ሰርቪስ ላይ «ክዳኑንም እየው» ማለት ዋጋ አያስከፍልም። ሞተሩ እንደጋለ ግን አይከፈት፤ እጅና ፊት ያቃጥላል።

ውሳኔው ላይ አንድ ጥያቄ ብዙ ብር ያድናል፦ «ጋሼ፣ ይሄ ዛሬ የግድ ነው ወይስ እስከሚቀጥለው ሰርቪስ ይጠብቃል?» ጥሩ ባለሙያ ይለይላችኋል። መለዋወጫውን ራሳችሁ የምትገዙ ከሆነ አሮጌውን ዕቃና የሻንሲ ቁጥሩን ይዛችሁ ሂዱ። «የቪትዝ ነው» ማለት አይበቃም፤ ቪትዝ ባለ 1.0፣ ባለ 1.3 እና ባለ 1.5 ሊትር ሞተር አለው። የገዛችሁት ዕቃ ጥራት ባይኖረው ኃላፊነቱ የማን እንደሆነም ከመገጠሙ በፊት ተነጋገሩ። በኋላ የሚመጣው ጭቅጭቅ ግማሹ ከዚህ ነው።

መመዝገቡ ቀላል ነው። ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የዘይቱ ዓይነት፣ የተቀየረው ዕቃ። ጥቅሙ የሚታየው መኪናው እጅ ሲቀይር ነው። በብዙዎቹ አሮጌ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ላይ የታይሚንግ ቺንጋው፣ ማለትም ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር በጊዜያቸው እንዲሠሩ የሚያደርገው ቀበቶ፣ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ገደማ ይቀየራል። ቺንጋው መንገድ ላይ ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተን ጋር ይጋጩና ሞተሩ ሊሰበር ይችላል። መቼ እንደተቀየረ ያልተጻፈበትን መኪና የገዛ ሰው ግን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ጠባዩም ቦታ አለው። መካኒኩ ዕቃ ሲፈታ ወሬ አታብዙበት፤ የፈታውን ብሎን አትንኩበት። በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ስር አትግቡ፤ መደገፊያ ይኑረው። የእጅ ዋጋውን ቀድማችሁ ተስማሙ፤ አብራችሁ ስለቆማችሁ ይቀነስልን አትበሉ። እናንተን እያስረዳ የሚሠራ ሰው እንዲያውም ጊዜ ይፈጅበታል፤ ያ ጊዜ ይከፈልበት።

ደንበኛ ሥራ ቦታው ውስጥ እንዳይገባ የሚከለክሉ ጋራዦች አሉ። ለደኅንነት ሲባል ስለሆነ መቀየም አያስፈልግም። እዚያ ጠዋት ላይ ችግሩን ጽፋችሁ ስጡ፤ የወጡት ዕቃዎች በፌስታል እንዲቀመጡላችሁ፣ ተጨማሪ ሥራ ከተገኘ ከመሠራቱ በፊት ፎቶ አንስተው በቴሌግራም እንዲልኩላችሁ ጠይቁ።

ሙከራው ላይ ግን የትም ቢሆን አትቅሩ። ችግሩ ሲከሰት እንደምትነዱት አድርጋችሁ፣ መካኒኩን ከጎናችሁ አስቀምጣችሁ ንዱት። ዳገት ላይ ከነበረ ወደ አዘዞ ወርዳችሁ ወደ ከተማው መልሳችሁ ውጡ። ድምፁ አሁንም ካለ እሱም በጆሮው ይስማው፤ ሂሳቡ ሳይዘጋ አብራችሁ ወደ ጋራዡ ተመለሱ።