የዶርሙ ቴሌቪዥን ድንገት ሲጮህ፦ ማስጠንቀቂያ ሁሉ አንድ አይደለም

ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ወይም ቴዎድሮስ ግቢ ተመርቀው ለማስተርስ አሜሪካ የሚገቡ የጎንደር ልጆችን ግር የሚል ነገር አለ። ዶርም ውስጥ በኬብል ኳስ እያዩ ስርጭቱ ይቋረጥና ጆሮ የሚበሳ ድምፅ ይለቀቃል። አብዛኛውን ጊዜ የአደጋ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ሳምንታዊ ሙከራ ነው፤ በሰከንዶች ያልቃል፣ መሮጥ አያስፈልግም። ወርሃዊው ረዘም ይላል፣ በቃል የሚነገር መልእክትም አለው።

ይህ አሠራር የሚማሩበት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ አይደለም። ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ የአገሪቱ መንግሥት ሥርዓት ነው፤ የኬብል ድርጅቶች መሣሪያውን የመግጠም ግዴታ አለባቸው። ያንኑ ጨዋታ በኢንተርኔት ለሚያይ ግን ማስጠንቀቂያው ላይደርሰው ይችላል። (ዛሬ ኬብል የሚከፍት ተማሪስ ስንት ነው?)

ዩኒቨርሲቲው ራሱ የሚልከው በስልክ መልእክትና በኢሜይል ነው። የሚያምታታውም እዚህ ላይ ነው፤ ክለሪ የተባለው የ1990 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ደኅንነት ሕግ ሁለት ዓይነት መልእክት ይለያል። «ወቅታዊ ማስጠንቀቂያ» ለተፈጸመና ሊደገም ለሚችል ወንጀል ነው፤ ለምሳሌ በግቢው ዙሪያ ለተደጋገመ ዘረፋ። አንብቦ መጠንቀቅ ይበቃል። «የአደጋ ጊዜ ማሳወቂያ» ግን አሁን ለተከሰተ አደጋ ነው፦ እሳት፣ የጋዝ መፍሰስ፣ የታጠቀ ሰው። አደጋው እንደተረጋገጠ ሳይውል ሳያድር ይላካል፣ የታዘዘውን ወዲያው መፈጸም ነው። ይህ የማሳወቅ ግዴታ በሕጉ የተጨመረው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ላይ 32 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ።

እዚያ እንደደረሱ አዲሱን ስልክ ቁጥር ማስመዝገብ ይቅደም። መዝገቡ ላይ የኢትዮ ቴሌኮም ቁጥር ብቻ ካለ መልእክቱ ላይደርስ ይችላል።