የታራሚዎች እርማት በጎጃም

ለጎጃም ገበሬ «ማረም» ሲባል ቀድሞ የሚታየው የጤፍ ማሳ ነው፤ አረሙ ተነቅሎ ሰብሉ ይቀራል። «ማረሚያ ቤት» የሚለው ስም በአገሩ ሰው ጆሮ ይህን ሁሉ ይዞ ይገባል። ሽማግሌዎች ግን ዛሬም «ወህኒ» ይሉታል፤ ቃሉ የጎንደር ነገሥታት የገዛ ዘመዶቻቸውን ያግዙበት ከነበረው ከወህኒ አምባ የመጣ ነው። በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምና በባሕር ዳር የሚገኙት ማረሚያ ቤቶች በክልሉ መንግሥት ሥር ናቸው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 21 እስረኛ ሰብአዊ ክብሩ ተጠብቆ እንዲያዝ፣ ዘመድ፣ የሃይማኖት አባት፣ ሐኪምና የሕግ አማካሪ እንዲጎበኙት ይደነግጋል። ታራሚው ራሱ በቃሉ የሚያውቀው ግን የአመክሮን ሕግ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ መሠረት ከፍርዱ ሁለት ሦስተኛውን፣ ዕድሜ ልክ ከሆነ ደግሞ 20 ዓመት የፈጸመ ሰው በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። ለዚህም በሥራውና በጠባዩ መሻሻሉን ማሳየት፣ ያደረሰውንም ጉዳት አቅሙ በፈቀደ መጠን መካስ ይጠበቅበታል።

በግቢው ውስጥ ማንበብና መጻፍ ይማራሉ፤ መደበኛ ትምህርት የሚቀጥሉም አሉ። የሙያ ሥልጠናው እንጨት ሥራ፣ ብረታ ብረት፣ ልብስ ስፌትና ሽመና ነው። እዚህ ላይ ብዙ የማይነገር ነገር አለ። በጎጃም ገጠር የክብር ሥራ እርሻ ነበር፤ ሸማኔና ቀጥቃጭ ሲናቁ ኖረዋል። በእስር ዘመኑ ጋቢ መሸመን የተካነ ገበሬ ወደ መንደሩ ሲመለስ መወርወሪያውን ይዞ ለመቀመጥ ያፍራል። መሬቱ ደግሞ እሱ በሌለበት ለእኩል አራሽ ተሰጥቶ ይቆየዋል። ስለዚህ ሙያው የሚጠቅመው ከተማ ለሚቀር ሰው ነው፤ ለገበሬው የከብት ማድለብና የዶሮ እርባታ ሥልጠና የበለጠ ይስማማዋል ባይ ነኝ።

በሕክምና በኩል ከሁሉ የሚያሠጋው የሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ተጨናንቆ በሚታደርበት ክፍል በትንፋሽ ይዛመታል። መደበኛው ሕክምና 6 ወር ስለሚፈጅ፣ መድኃኒቱን ሳይጨርስ የተፈታ ሰው በመንደሩ ጤና ጣቢያ ካልተከታተለ በሽታው ሊያገረሽበት ይችላል። የአእምሮ ሕመም ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። ፍርድ ቤት የተከሳሹን አእምሮ ማስመርመር ሲፈልግ የሚልክበት ዋናው ተቋም አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ነው፤ ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ብዙ ቤተሰብ ቀድሞ የሚያስበው ግን ጠበሉን ነው።

የእርማቱ ከባድ ክፍል ከአጥሩ ውጭ ነው። ሰው ገድሎ የታሰረ ሰው ፍርዱን ቢጨርስም በሟች ወገን ዘንድ ደሙ አልደረቀም፤ ደም መላሽ ይጠብቀዋል። ስለዚህ እሱ ገና ታስሮ ሳለ ዘመዶቹ ሽማግሌና ካህን ይዘው የሟችን ቤተሰብ ደጅ ይጠናሉ። ድንጋይ ተሸክመው ይንበረከካሉ፤ መስቀል በመሐል ይገባል፤ የደም ካሳ ይቆረጣል፤ በመጨረሻም በመሐላ ይታሰራል። የሟች እናት እሺ እስክትል ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ያልፋሉ። ዕርቁ ካልተፈጸመ የተፈታው ሰው ወይ አገር ጥሎ ይሄዳል፣ ወይ መሣሪያ ታጥቆ ያርሳል፤ ያኔ የተማረው ሽመናም የያዘው የምስክር ወረቀትም አያድነውም።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት ይህን መመላለስ አክብዶታል። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ስንቅ የቋጠረች እናትም፣ ለዕርቅ የወጡ ሽማግሌዎችም ካሰቡበት ሳይደርሱ ይቀራሉ፤ የአመክሮው ቀን ግን እነሱን ቆሞ አይጠብቅም።