ቬላያቴ ፋቂህ ምንድን ነው? “ኢራን እንዲህ አለች” ሲባል ማን ነው ያለው?

ዜና ስንሰማ “ኢራን አስጠነቀቀች”፣ “ኢራን አልደራደርም አለች” ይባላል። ያለው ግን የሆነ ሰው ነው። ፕሬዝዳንቱ ሊሆን ይችላል፣ ጠቅላይ መሪው ሊሆን ይችላል፣ አንድ የአብዮታዊ ዘብ (ከመደበኛው ጦር ጎን ያለው፣ አብዮቱን የሚጠብቀው ጦር) አዛዥም ሊሆን ይችላል። ሦስቱ እኩል አይደሉም። ሕዝቡ በቀጥታ የሚመርጠው ፕሬዝዳንቱን ብቻ ነው። እሱ ደግሞ የመጨረሻው ወሳኝ አይደለም። ይህን አሠራር የወለደው ሐሳብ ቬላያቴ ፋቂህ ይባላል። እሱን ሳያውቁ ስለ ኢራናውያን መፍረድ በደፈናው ማውራት ነው።

በአጭሩ፣ የሃይማኖት ሕግ ሊቅ ሞግዚትነት ማለት ነው። ፋቂህ የእስልምናን ሕግ ጠንቅቆ ያወቀ ሊቅ ነው። ትምህርቱ እንደሚለው ይህ ሊቅ በአገሩና በሕዝቡ ላይ የሞግዚት ሥልጣን አለው።

ከየት መጣ? በኢራን አብዛኛው ሰው የሚከተለው የሺዓ እምነት 12 ኢማሞችን ይቀበላል። አሥራ ሁለተኛው ከ9ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ተሰውረዋል፣ አንድ ቀን ይመለሳሉ ተብሎ ይታመናል። ታዲያ እሳቸው እስኪመለሱ ማን ያስተዳድር? ለብዙ መቶ ዓመታት አብዛኞቹ ሊቃውንት የሰጡት መልስ ቁጥብ ነበር። ሊቁ ይፈርዳል፣ ያስተምራል፣ የሙት ልጆችን ንብረት ይጠብቃል። ዙፋን ላይ ግን አይወጣም። ዛሬም ኢራቅ ነጀፍ ያሉት አያቶላህ ሲስታኒ፣ በሺዓው ዓለም እጅግ የሚከበሩት ሊቅ፣ ኢራን ውስጥ ባለው መልኩ አይቀበሉትም። “አያቶላህ” የሚል ማዕረግ ያለው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው ብሎ ለሚያስብ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ነገሩን የገለበጡት ኋላ የኢራን የመጀመሪያው ጠቅላይ መሪ የሆኑት ሩሆላህ ኾሜኒ ናቸው። በ1970 (ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ነጀፍ በስደት ሳሉ ተከታታይ ትምህርት ሰጡ። ሊቁ ራሱ መንግሥት ይምራ አሉ። የሕዝብ ሞግዚት በተግባሩም በቦታውም ከሕፃን ልጅ ሞግዚት አይለይም ሲሉም አስተማሩ። ይህን ነጥብ ያዙት። ኋላ ብዙ ኢራናውያንን የሚያንገበግባቸው እሱ ነው፤ ዶክተሩም መሐንዲሱም በሕግ ፊት ሞግዚት የሚያስፈልገው ልጅ ሆኖ ቀረ።

ያኔ አገሩን የሚገዙት ሻሁ፣ ማለትም ንጉሡ፣ ነበሩ። በ1971 የፋርስን ንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥት 2500ኛ ዓመት በፐርሴፖሊስ ፍርስራሽ አጠገብ በታላቅ ድግስ ሲያከብሩ የኛው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ከክብር እንግዶቹ መካከል ነበሩ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱም ዙፋኖች አሥር ዓመት አልደፈኑም።

ሻሁን ለመጣል በ1978 አደባባይ የወጣው ሕዝብ ብዙ ዓይነት ነበር። ግራ ዘመም ተማሪው፣ ብሔርተኛው፣ የባዛር ነጋዴው፣ ሴቱ፣ ሼኩ፣ ሁሉም ነበረበት። ብዙው “ሻሁ ይውረድ” አለ እንጂ “ሞግዚት ይሾምልን” አላለም። መጋቢት 1979 ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። ጥያቄው “እስላማዊ ሪፐብሊክ፣ አዎ ወይስ አይ?” የሚል ብቻ ነበር። 98 በመቶው አዎ አለ ተባለ። የሚገርመው፣ በዚያው ዓመት የወጣው የመጀመሪያው ረቂቅ ሕገ መንግሥት ስለ ቬላያቴ ፋቂህ አንድም ቃል አልነበረውም። ያስገባው በኋላ ረቂቁን ለማጽደቅ የተሰበሰበው ጉባኤ ነው። ታላቁ አያቶላህ ሻሪያትማዳሪ ተቃወሙ። መጨረሻቸው የቤት ውስጥ እስር ሆነ።

አሠራሩን እንየው። ፕሬዝዳንት አለ፣ ፓርላማ አለ፣ ምርጫ አለ። ከሁሉም በላይ ጠቅላይ መሪው አለ። የጦሩንና የአብዮታዊ ዘቡን አዛዦች፣ የፍርድ ቤቶቹን የበላይ፣ የመንግሥት ቴሌቪዥኑን ኃላፊ የሚሾመው እሱ ነው። ከዚያ 12 አባላት ያሉት የጠባቂዎች ምክር ቤት አለ። ስድስቱን መሪው ይሾማል። ስድስቱን መሪው የሾመው የፍርድ ቤቶች የበላይ ያቀርባል፣ ፓርላማው ያጸድቃል። ይህ ምክር ቤት ዕጩዎችን ያጣራል። በ2021 ለፕሬዝዳንትነት 592 ሰው ተመዘገበ፤ ያለፈው 7 ብቻ ነበር። በ2024 ደግሞ ከ80ው 6 አለፉ።

መሪውንስ ማን ይመርጣል? 88 አባላት ያሉት የሊቃውንት ጉባኤ። ጉባኤውን ሕዝብ ይመርጠዋል። ዕጩዎቹን የሚያጣራው ግን ያው የጠባቂዎች ምክር ቤት ነው፤ እሱን ደግሞ በቀጥታም በተዘዋዋሪም የሚሾመው መሪው። ዙሪያ ጥምጥም ነው።

የሐሳቡን ጉዞ በአንድ ሰው ሕይወት ማየት ይቻላል። አያቶላህ ሞንታዜሪ ቬላያቴ ፋቂህን ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ያስገባውን ጉባኤ የመሩ ሰው ናቸው። የኾሜኒ ወራሽ ተብለውም ተሰይመው ነበር። በ1988 በሺዎች የሚቆጠሩ የፖለቲካ እስረኞች ሲገደሉ ግን ዝም አላሉም። ለኾሜኒ ጽፈው ተቃወሙ። በ1989 መጋቢት ከወራሽነት ተነሡ። ከወራት በኋላ ኾሜኒ ሲሞቱ አሊ ኻሜኔይ ጠቅላይ መሪ ሆነው ተመረጡ። ኻሜኔይ ሕገ መንግሥቱ የሚጠይቀው የሊቅነት ደረጃ አልነበራቸውም፤ ስለዚህ ሕገ መንግሥቱ ተሻሻለና መስፈርቱ ዝቅ አለ። በዚያው ማሻሻያ የሞግዚቱ ሥልጣን “ፍጹም” የሚል ቃል ተጨመረለት። ሞንታዜሪ ቁም ከተማ ተቀምጠው መተቸታቸውን ቀጠሉ። በታኅሣሥ 2009 ሲያርፉ ቀብራቸው የተቃውሞ ሰልፍ ሆነ። ሌላ ሊቅ ሲተች መናፍቅ ነው ማለት ይቻላል። ሕጉን ያዋለደው ሰው ሲተች ግን ምን ይባላል?

አሁን ወደ ውጪው ተመልካች። የተለመዱ ሁለት ስሕተቶች አሉ። አንደኛው ሕዝቡንና መንግሥቱን አንድ ማድረግ ነው። መስከረም 2001 አሜሪካ ስትጠቃ ቴህራን ውስጥ ወጣቶች ሻማ አብርተው አዘኑ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ2002 መጀመሪያ፣ ጆርጅ ቡሽ ኢራንን “የክፋት ዛቢያ” ከሚሏቸው አገሮች ደመሯት። እውነት ለመናገር ቡሽ በዚያው ንግግር ጥቂት ያልተመረጡ ሰዎች የኢራንን ሕዝብ የነፃነት ተስፋ ይጨቁናሉ ብለውም ነበር። ያቺን ማን ያስታውሳታል? የቀረው ስድቡ ነው። ማዕቀቡም እንደዚሁ። የተነገረው ለመንግሥት ነው፣ የተወደደው የቤት አስቤዛ ነው። በ2017 የትራምፕ መንግሥት የጉዞ እገዳ ሲጥልም ቪዛ የተከለከለው ተማሪው፣ ልጇን ልትጠይቅ ያሰበችው እናት ናት። ጄኔራሉ ድሮስ ኤምባሲ በር ላይ መቼ ተሰልፎ ያውቃል?

ሁለተኛው ስሕተት የመጀመሪያው ግልባጭ ነው። ሕዝቡ ሁሉ መንግሥቱን ይጠላል፣ ከውጭ ነፃ አውጪ እስኪመጣ ይጠብቃል የሚለው። በውጭ ቴሌቪዥኖች ይህ በጣም ይወደዳል። ጥር 2020 ግን ሁለቱንም ስሕተት በአንድ ሳምንት አፍርሷል። አሜሪካ ባግዳድ ላይ የአብዮታዊ ዘቡን ጄኔራል ቃሴም ሶሌይማኒን ገደለች። ለቀብሩ የወጣው ሕዝብ እጅግ ብዙ ከመሆኑ የተነሣ ኬርማን ከተማ ውስጥ ከ50 በላይ ሰው በግፊያ ሞተ። ያን ሁሉ ሰው በግድ ነው የወጣው ማለት ራስን ማታለል ነው። ጥር 8 ንጋት ላይ ደግሞ አብዮታዊ ዘቡ ከቴህራን የተነሣ የዩክሬን መንገደኛ አውሮፕላን በሚሳኤል መታ። 176 ሰው አለቀ፤ አብዛኞቹ ኢራናውያንና የኢራን ተወላጆች ነበሩ። ባለሥልጣናት ለሦስት ቀን ካዱ። በመጨረሻ አመኑ።

ያን ጊዜ ተማሪዎች ወጡ። “ጠላታችን አሜሪካ ነው እያሉ ይዋሹናል፤ ጠላታችን እዚሁ ነው” እያሉ ጮኹ። ቴህራን በሚገኘው ሻሂድ ቤሄሽቲ ዩኒቨርሲቲ ግቢ መሬት ላይ ትልልቅ የአሜሪካና የእስራኤል ባንዲራ ተሥሎ ነበር። የተሣለው አላፊ አግዳሚው እንዲረግጠው ነው። ተማሪዎቹ ዳር ዳሩን ይዘው አለፉ። በላዩ ላይ የተራመዱትን ጥቂት ሰዎች “እፈሩ!” ሲሏቸው በቪዲዮ ታይቷል። ባንዲራውን ስለወደዱት አይመስለኝም። ምን እንደሚረግጡ ሌላ ሰው እንዲወስንላቸው ስላልፈለጉ ነው።

ሰኔ 2025 እስራኤልና ኢራን ለ12 ቀን ሲዋጉም ያው ነገር ታየ። እስራኤል ካጠቃቻቸው ቦታዎች አንዱ የፖለቲካ እስረኞች የሚታጎሩበት ኤቪን እስር ቤት ነበር። ከሞቱት መካከል እስረኛ ሊጠይቁ የመጡ ቤተሰቦች ይገኙበታል። የኖቤል የሰላም ተሸላሚዋ ናርጌስ መሐመዲ በዚያው ኤቪን ለዓመታት የታሰረች ናት። መንግሥቱን እንደሷ የተቃወመ ጥቂት ነው። ግን ከሌሎች ታዋቂ ተቃዋሚዎች ጋር ሆና ዩራኒየም ማበልጸጉም፣ ጦርነቱም ይቁም አለች። በዚያው 12 ቀን እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ሳይረን በጮኸ ቁጥር ልጆቻቸውን ይዘው መጠለያ ይገቡ ነበር። ለነሱ ኢራን ማለት ሚሳኤሉ ቢሆን አይፈረድባቸውም።

ታዲያ ሕዝቡ ምን ይፈልጋል? ወደ 90 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ነው፤ ፋርሱ፣ አዘሪው፣ ኩርዱ፣ ባሉቹ አንድ ልብ ሊኖረው አይችልም። ቢያንስ የምርጫ ተሳትፎው አንድ ነገር ይነግረናል። በ1997 ለውጥ ይመጣል ብሎ ኻታሚን ፕሬዝዳንት አድርጎ ሲመርጥ 80 በመቶ ገደማ ወጣ። በ2009 “ድምፄ የት አለ?” ብሎ ጎዳና ሞላ፤ ተደበደበ። በ2022 ማሕሳ አሚኒ በሥነ ምግባር ፖሊስ እጅ ሳለች ስትሞት “ሴት፣ ሕይወት፣ ነፃነት” ብሎ ተነሣ። በ2024 የፕሬዝዳንት ምርጫ የመጀመሪያ ዙር የወጣው 40 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር።

በሁለተኛው ዙር ግን ቁጥሩ ወደ 50 ከፍ አለ። አክራሪው ሰዒድ ጃሊሊ እንዳያሸንፍ ብለው ሳይወዱ የወጡ ነበሩበት። ያሸነፉት የልብ ቀዶ ሐኪሙ መሱድ ፔዜሽኪያን ናቸው። በሂጃብ ሰበብ ሴት ልጅ አትዋከብ፣ የኢንተርኔት እገዳው ይላላ ብለው ቀሰቀሱ። በዚያው ቅስቀሳ የጠቅላይ መሪውን አጠቃላይ ፖሊሲ እንደሚከተሉም ተናገሩ። መራጩ ሁለቱንም ሰምቶ ነው የመረጣቸው።