የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር ላይ፦ ሳጥን፣ የጥያቄ ምልክትና የተዘበራረቀ ላቲን

አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ከተጻፈበት ኮምፒውተር ወጥቶ ሌላ ላይ ሲከፈት ከሦስት በአንዱ መልክ ተበላሽቶ ሊታይ ይችላል። በፊደሎቹ ቦታ ባዶ ሳጥኖች ይደረደራሉ፤ ወይም የጥያቄ ምልክት ብቻ ከዳር እስከ ዳር ይሞላል፤ ወይም ጭረትና ነጥብ የተጫነባቸው የላቲን ፊደላት ከዩሮና ከመሰል ምልክቶች ጋር ይዘበራረቃሉ። ሦስቱም ብዙ ጊዜ «ፎንት የለውም» ተብለው ይታለፋሉ፤ ከዚህ በታች የሚነሱት የድሮ ፎንት ሰነዶች ሲቀሩ ግን ፎንት ተጭኖ የሚድነው ሳጥኑ ብቻ ነው። የጥያቄ ምልክት በፋይሉ ውስጥ ከተቀመጠ ጽሑፉ ጠፍቷል። ላቲኑ ከታየ ደግሞ ጽሑፉ አለ፣ የሚነበበው ግን ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጥ ሌላ ሰንጠረዥ ነው። የትኛው እንደሆነ ሳይለይ ፋይሉን «ሴቭ» ማድረግ ሊድን የሚችለውን ጽሑፍ እስከ ወዲያኛው ሊያጠፋው ይችላል።

ከዩኒኮድ በፊት የነበረው

ኮምፒውተር ፊደል አያስቀምጥም፤ ቁጥር ነው የሚያስቀምጠው። ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ ከመምጣቱ በፊት በነበረው አሠራር እያንዳንዱ ፊደል አንድ ባይት (ከ0 እስከ 255 ያለ አንድ ቁጥር) ስለሚይዝ በአንድ ሰንጠረዥ ውስጥ ያለው ቦታ 256 ነው፤ የታችኛው ግማሽም ለእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ለአኃዞችና ለመቆጣጠሪያ ኮዶች ተይዟል። የግዕዝ ፊደል ደግሞ 33 በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል። ዲቃላ ፊደላቱ፣ 20ዎቹ የግዕዝ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቡ ሲታከሉበት ከሰንጠረዡ ይተርፋል።

የፎንት ሠሪዎቹ መላ ሁለት ነበር። አንዱ ፊደላቱን ለሁለት ወይም ከዚያ ለሚበልጡ ፎንቶች ማከፋፈል ሲሆን፣ ሌላው ፊደሉን ገላና ቅጥያ አድርጎ ከፍሎ በስክሪን ላይ ማገጣጠም ነው። ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝን የመሳሰሉት ሶፍትዌሮች በቀደሙት እትሞቻቸው የየራሳቸው ሰንጠረዥ ነበራቸው (የኋላ እትሞቻቸው ዩኒኮድም ይጽፋሉ)። በእነዚያ ሰነዶች ውስጥ አማርኛ የሚባል ነገር የለም። ያለው የላቲን ፊደል ነው፣ የግዕዝ ሥዕል ለብሶ። ፎንቱ ሲነሳ ላቲኑ ይጋለጣል፤ በሌላ ኩባንያ ፎንት ሲቀየር ሌላ ዓይነት ዝብርቅርቅ ይወጣል። መፈለግም በፊደል ተራ መደርደርም አይቻልም። በእንዲህ ዓይነት ፎንት የተሠራ ፒዲኤፍም እንዲሁ ነው፦ ሲያነቡት ምንም እንከን የለውም፣ ኮፒ ሲያደርጉት ግን የሚወጣው ላቲን ነው።

የድሮ ሰነድን ወደ ዩኒኮድ ለመቀየር መጀመሪያ የተጻፈበትን ፎንት ስም ማወቅ ያስፈልጋል፤ የመቀየሪያው ሰንጠረዥ የሚመረጠው በዚያ ነው። ከዚያ ያው ፎንት ተጭኖ ሰነዱ በትክክል መታየቱ ይረጋገጣል፣ ቅጂው ላይ መቀየሪያው ይሠራል፣ ዋናው ፋይል ሳይነካ ይቀመጣል። በዚህ ደረጃ የሚበዛው ስህተት ሰነዱን በጅምላ መቀየር ነው። በመሃል የገቡ የእንግሊዝኛ ቃላትም የላቲን ኮድ ስለሆኑ ትርጉም ወደሌለው ግዕዝ ይለወጣሉ። ጥሩ መቀየሪያ የእያንዳንዱን ቁራጭ ፎንት እያየ የግዕዙን ብቻ ይነካል። ከተቀየረ በኋላ በዓይን መታየት ያለባቸው ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ትምህርተ ጥቅሱ ናቸው፤ መቀየሪያ የሚስተው እዚያ ነው።

ዩኒኮድና ሦስቱ ባይቶች

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው እትም 3.0 ነው። ዋናው ክልል ከ4608 እስከ 4991 ይዘልቃል። ሀ 4608፣ ለ 4616፣ ሐ 4624 ነው፤ እያንዳንዱ ተራ 8 ቦታ አለው። በመሆኑም የአንድ ፊደል ኮድ ለ8 ሲካፈል የሚተርፈው የፊደሉን ቤት ይናገራል፦ 0 ግዕዝ፣ 1 ካዕብ፣ 2 ሣልስ፣ 3 ራብዕ፣ 4 ኃምስ፣ 5 ሳድስ፣ 6 ሳብዕ። ፕሮግራም ለሚጽፍ ሰው ይህ ትልቅ ውለታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ለሰባት ቤት ጉራጌ፣ ለብሊን፣ ለቤንችና ለሜኤን፣ በ2010 ለጋሞ፣ ለጎፋ፣ ለዳውሮና ለጉሙዝ፣ በ2021 ደግሞ በድጋሚ ለጉራጌ የሚያስፈልጉ ፊደላት በሌሎች ክልሎች ተጨምረዋል።

ኮዱ ወደ ፋይል የሚገባው በኢንኮዲንግ፣ ማለትም ኮዱን ወደ ባይቶች በሚለውጥ ደንብ፣ ነው። ዛሬ በሁሉም ዘንድ የሚሠራበት ዩቲኤፍ-8 የእንግሊዝኛ ፊደልን በ1 ባይት፣ የዋናውን ክልል የግዕዝ ፊደል በ3 ባይት ያስቀምጣል። ሀ 225፣ 136፣ 128 ነው። የመጀመሪያው ባይት 225 መሆኑ ለሀ ብቻ አይደለም፤ በዋናው ክልል ያሉ ፊደላት ሁሉ በ225 ይጀምራሉ። ለምርመራው መነሻ የሚሆነውም ይኸው ባይት ነው።

ዩቲኤፍ-8 መሆኑ ያልታወቀ ፋይል ኮምፒውተሩ በለመደው ባለ አንድ ባይት ሰንጠረዥ ይነበባል፤ 225 በየሰንጠረዡ የሚሰጠው ፊደል ደግሞ ይለያያል። በምዕራብ አውሮፓና በአሜሪካ ኮምፒውተሮች በተለመደው ዊንዶውስ-1252 ጭረት የተጫነበት የላቲን «ኤ» ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሚሠራበት የዐረብኛ ሰንጠረዥ (1256) «ላም» የሚባለው የዐረብኛ ፊደል ነው። በእስራኤል (1255) «ቤት» የሚባለው የዕብራይስጥ ፊደል ነው፣ በሩሲያ (1251) ደግሞ «ቤ» የሚባለው የሩሲያ ፊደል። ስለዚህ ያው አንድ የአማርኛ ፋይል ዋሽንግተን ላይ የጭረት ላቲን፣ ዱባይ ላይ «ላም» የሚደጋገምበት ዐረብኛ፣ ቴል አቪቭ ላይ «ቤት» የሚደጋገምበት ዕብራይስጥ ሆኖ ሊከፈት ይችላል። በየሦስት ምልክቱ ያው ፊደል ከተመለሰ የተከፈተው ጤነኛ የዩቲኤፍ-8 አማርኛ ነው። የሚያስፈልገው በትክክለኛው ኢንኮዲንግ እንደገና መክፈት ብቻ ነው።

አራቱ የቋንቋ ቅንብሮች

ዊንዶውስ ላይ «ቋንቋውን ቀይረው» የሚለው ምክር ብዙም አይረዳም፤ ቋንቋ የሚባሉት ቅንብሮች አራት ናቸውና። የማሳያ ቋንቋው ሜኑውን ብቻ ይቀይራል። የአካባቢ ቅርጸቱ ቀንን፣ ገንዘብንና የቁጥር አጻጻፍን ይወስናል። ኪቦርዱ የሚጻፈውን እንጂ የሚነበበውን አይነካም። ባይቶች የሚነበቡበትን ሰንጠረዥ የሚቀይረው አራተኛው፣ ዩኒኮድ ለማያውቁ ፕሮግራሞች የሚመረጠው ቋንቋ ነው። የሚገኘው ኮንትሮል ፓናል ውስጥ «ሪጅን»፣ ከዚያ «አድሚኒስትሬቲቭ»፣ ከዚያ «ቼንጅ ሲስተም ሎኬል» ተብሎ ሲገባ ነው፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ካልተነሳ አይሠራም።

በዚህ ዝርዝር ላይ አማርኛን የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። አማርኛ ወደ ዊንዶውስ የገባው በዩኒኮድ በኩል ብቻ ስለሆነ ባለ አንድ ባይት ሰንጠረዥ ኖሮት አያውቅም። አዳዲሶቹ የዊንዶውስ 10 እትሞችና ዊንዶውስ 11 በዚሁ መስኮት ላይ ዩቲኤፍ-8ን ለመላው ሥርዓት የሚያበራ፣ ምልክት የሚደረግበት ሳጥን አላቸው፤ ዛሬም «ቤታ» የሚል ጽሑፍ አብሮት አለ። አንዳንድ ችግሮችን በአንድ ጊዜ ያቃልላል፤ ነገር ግን ለድሮ የሒሳብና የቢሮ ፕሮግራሞች ያልተጠበቀ ሰንጠረዥ ስለሚያቀርብ ሌላ ዝብርቅርቅ ሊያመጣ ይችላል። በቢሮ ኮምፒውተር ላይ ሳይሞከር የሚነካ ነገር አይደለም።

የድሮዎቹን የግዕዝ ፎንቶች የሚያጠቃውም ይኸው ቅንብር ነው። ከ128 በታች ያሉት ኮዶች በሁሉም ሰንጠረዥ አንድ ስለሆኑ በእነሱ ላይ የተቀመጡት ፊደላት ይተርፋሉ። ከዚያ በላይ ያሉት ግን ኮምፒውተሩ ዐረብኛ ወይም ዕብራይስጥ ላይ ከተስተካከለ ተተርጉመው ከፎንቱ ይወጣሉ። ገጹ ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ ሌላ ሆኖ ከታየ መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው።

ጽሑፉ የሚጠፋበት

የጥያቄ ምልክት የሚመጣው ሲነበብ ሳይሆን ሲጻፍ ነው። ሶፍትዌሩ አንድን የግዕዝ ፊደል ባለ አንድ ባይት ሰንጠረዥ ውስጥ እንዲያስቀምጥ ሲታዘዝ ቦታ ያጣና 63 የሚለውን ኮድ፣ ማለትም የጥያቄ ምልክትን፣ ይጽፋል። ሺህ ፊደል ከነበረ ሺህ 63 ይሆናል፤ የሚመለስበት መንገድ የለም። የቀድሞው ኖትፓድ የተለመደ ምርጫው «አንሲ» (የኮምፒውተሩ ባለ አንድ ባይት ሰንጠረዥ) ስለነበር ብዙ ጽሑፍ በልቷል። ከማስቀመጡ በፊት ማስጠንቀቂያ ያሳይ ነበር፣ የሚያነበው ሰው ግን ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው የዊንዶውስ 10 እትም ጀምሮ የኖትፓድ ምርጫ ዩቲኤፍ-8 ሆኗል።

ዛሬ ይህን ቦታ የያዘው ኤክሴል ነው። ሠንጠረዥን ተራ «ሲኤስቪ» (ዓምዶቹ በኮማ የሚለያዩበት የጽሑፍ ፋይል) አድርጎ ማስቀመጥ አማርኛውን በሙሉ ወደ ጥያቄ ምልክት ይለውጣል፤ መመረጥ ያለበት «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለው ነው። ሲከፈትም ሌላ ጣጣ አለ። ፋይሉ መጀመሪያ ላይ 239፣ 187፣ 191 የሚሉት ሦስት መለያ ባይቶች ከሌሉት ኤክሴል በሁለት ክሊክ ሲከፍተው ላቲን ያሳያል። መፍትሔው ፋይሉን በቀጥታ አለመክፈት ነው፦ ባዶ ኤክሴል ተከፍቶ «ዳታ»፣ «ፍሮም ቴክስት» ይመረጣል፣ በ«ፋይል ኦሪጅን» ላይ 65001 ይቀመጣል። ጀርመን ወይም ስዊድን የተሠራ ፋይል ሁሉንም ዓምድ በአንድ ሴል ከደረደረ ግን ጉዳዩ ኢንኮዲንግ አይደለም፤ በእነዚያ አገሮች ቅርጸት ዓምድ የሚለየው በኮማ ሳይሆን በሴሚኮለን ነው።

ከዳታቤዝ ሶፍትዌሮች ማይኤስኪውኤል እስከ እትም 5.7 ድረስ ሳይነገረው የሚመርጠው የላቲን ሰንጠረዥ ነበር፤ ከ8.0 ወዲህ ባለ 4 ባይቱን ዩቲኤፍ-8 ይመርጣል። የድሮው ባለ 3 ባይት ዩቲኤፍ-8 ለአማርኛ ይበቃል፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የተጨመሩትን የጉራጌ ፊደላትና ኢሞጂን ግን አይቀበልም። ሠንጠረዡ ብቻ ሳይሆን ከፕሮግራሙ ጋር የሚያገናኘው መስመርም ዩቲኤፍ-8 መሆኑ መነገር አለበት። በሌላው የዳታቤዝ ሶፍትዌር፣ በኤስኪውኤል ሰርቨር፣ ዓምዱ ዩኒኮድ የሚቀበለው «ኤንቫርቻር» መሆኑ ብቻውን አይበቃም፤ በትእዛዙ ውስጥ ከጽሑፉ ትምህርተ ጥቅስ በፊት «ኤን» የምትለው ፊደል ከተዘለለች የሚገባው የጥያቄ ምልክት ነው። ርዝመቱን በባይት የሚቆጥር ዓምድ ላይ ደግሞ 30 ተብሎ የተወሰነ የስም ቦታ የሚይዘው 10 የአማርኛ ፊደል ብቻ ነው፤ የአባትና የአያት ስም ሲጨመር ይቆረጣል።

የተዘበራረቀውን መመለስ

ላቲን ሆኖ የተከፈተ ጽሑፍ እንደዚያው «ሴቭ» ከተደረገ እያንዳንዱ ባይት ራሱን የቻለ ፊደል ሆኖ በድጋሚ ይመሰጠራል፤ ፋይሉም ከእጥፍ በላይ ያብጣል። መልሶ ለማግኘት የኋልዮሽ መሄድ ነው፦ ጽሑፉን ወደ ዊንዶውስ-1252 ባይቶች መልሶ፣ እነዚያን ባይቶች እንደ ዩቲኤፍ-8 ማንበብ። አማርኛ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። በዊንዶውስ-1252 ውስጥ 129፣ 141፣ 143፣ 144 እና 157 ፊደል አልተሰጣቸውም። አንዳንድ ፕሮግራም እንደማይታይ መቆጣጠሪያ ኮድ ያሳልፋቸዋል፣ አንዳንዱ ይጥላቸዋል፤ ኮፒ ሲደረግም መንገድ ላይ ይንጠባጠባሉ። ል እና ው በ141፣ ም፣ ኝ እና ዝ በ157፣ ነ በ144፣ ሁ እና ቁ በ129 ይጨርሳሉ። የፀ፣ የፈና የፐ ተራዎች፣ አራት ነጥቡም ጭምር፣ ሁለተኛ ባይታቸው 141 ነው። እናም ተመልሶ የመጣ ጽሑፍ እነዚህን ፊደላት ብቻ መርጦ ካጎደለ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ቀዳዳው በግምት ካልሆነ አይደፈንም።

ለድረ ገጽ የገጹ ኢንኮዲንግ በመጀመሪያዎቹ 1024 ባይቶች ውስጥ መታወጅ አለበት። ሰርቨሩ በራስጌው ሌላ ከተናገረ ብሮውዘሩ የሚሰማው ሰርቨሩን ነው፤ ገጹን እያረሙ ለውጥ የማያዩ ሰዎች የሚዘነጉት ይህን ነው። ጨርሶ በማይታመን መንገድ ለሚላክ ጽሑፍ ሀን ሀ ብሎ በቁጥር መጻፍ ይቻላል፤ በየትኛውም ሰንጠረዥ ይተርፋል። ሊንክ ውስጥ የገባ አንድ የግዕዝ ፊደል 9 ምልክት ስለሚሆን «ኢትዮጵያ» 45 ይፈጃል። በአጭር መልእክትም ሒሳቡ ይከብዳል፦ በእንግሊዝኛ 160 የሚይዘው መልእክት አንድ የግዕዝ ፊደል ከገባበት 70 ብቻ ይይዛል፤ ከዚያ ካለፈ በ67 በ67 ተቆራርጦ እያንዳንዱ ለብቻ ይከፈልበታል።

ሳጥኑና ምልክቶቹ

ሳጥን ማለት ኮዱ ትክክል ነው፣ የሚሥለው ፎንት ግን የለም ማለት ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒ የግዕዝ ፎንት ይዞ አይመጣም ነበር። ኒያላ ከቪስታ ጋር መጣ፤ በዊንዶውስ 10 ተፈልጎ የሚጫን ተጨማሪ ሆኖ ቦታውን ኤብሪማ ይዞታል። ማክና አይፎን ኬፋን፣ አንድሮይድ ኖቶን ይጠቀማሉ። ኒያላ ወፍራም ዝርያ ስለሌለው «ቦልድ» ሲደረግ ኮምፒውተሩ ራሱ ያደልበዋል፣ ፊደሉም ይጨማለቃል፤ ለርዕስ ሌላ ፎንት መምረጥ ይሻላል። ጥቂት ፊደላት ብቻ ሳጥን ከሆኑ ፎንቱ የድሮ ነው፣ የኋላ ጭማሪዎቹን አያውቅም።

አራት ነጥብ የራሱ ኮድ አለው፣ 4962። ሁለት ሁለት ነጥብ ደርድሮ መጻፍ በዓይን አይለይም፤ ነገር ግን መስመሩ ሲሞላ ግማሹ እዚህ ግማሹ እታች ሊቀር ይችላል፣ ዓረፍተ ነገር የሚለይ ፕሮግራምም ያልፈዋል። መጥበቅን የሚያሳየው ባለ ሁለት ነጥብ ምልክት (4959) ከፊደሉ በኋላ ተጽፎ በላዩ የሚቀመጥ ነው፤ ፎንቱ ቦታውን ካላወቀ ከፊደሉ ጎን ይወድቃል ወይም ራሱ ላይ ይደረባል። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደትና ቁርጥን ጨምሮ 10 የዜማ ምልክቶች ከ5008 እስከ 5017 ተቀምጠዋል። እነዚህ ደግሞ እንደ መጥበቂያው በራሳቸው ፊደል ላይ አይወጡም፤ ራሳቸውን የቻሉ ምልክቶች ስለሆኑ በመስመሩ ውስጥ ይሰለፋሉ። በብራናው ላይ እንዳሉት ከቃሉ በላይ ለማስቀመጥ የገጽ አቀናባሪው ባለ ሁለት ፎቅ መስመር ማዘጋጀት አለበት፤ ያ ዝግጅት ደግሞ ጽሑፉ ወደ ተራ ፋይል ሲገለበጥ አብሮ አይሄድም።